የባልቴቷ ሁለት ቀሚሶች

ጥቅምት 3

ውድ እትዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ልጅሽ፣ ምራትሽ፣ እነዚያ ሁለት ቀበጦች የልጅ ልጆችሽ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ። «አለሽ ወይስ ሞተሻል? ከሞትሽም ቁርጡን አሳውቂኝ» ብለሽ የጻፍሽውን አንብቤ ብቻዬን ስስቅ ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበችብኝ። አለሁ። ስለ ዝምታዬ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ልደውልልሽ አስቤ ነበር፤ ግን በስልክ ስንጨቃጨቅ ጆሮዬ ላይ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ አይዘጋም። ቀዳደሽ ብትጥይው እንኳ መጀመሪያ አንብበሽ ነው።

የሰማሽው እውነት ነው፤ ቴአትር ቤታችን ታድሷል። ከውጭ ስታይው ያው የድሮው ነው። ውስጡን ግን ብታይ! ርግብ ይፈለፈልበት የነበረው ጣሪያ ተደፍኗል። የሰገነቶቹ የእንጨት ቅርጽ አንድ በአንድ ተፍቆ ታጥቦ ከጥላሸቱ ስር ወርቃማ ቀለም ወጥቷል፤ እኛ ዕድሜ ልካችንን ቡናማ ነው ስንል የኖርነውን ማለት ነው። ወንበሮቹ አዲስ ናቸው፣ ሲቀመጡባቸው አያቃስቱም። የመድረኩ ወለል ተነቅሎ በአዲስ ሳንቃ ተተክቷል፤ ወደ ተመልካቹ ማዘንበሉን ግን እንዳለ ትተውታል። ገመዶቹ፣ የአሸዋ ከረጢቶቹ፣ የነጎድጓድ ድምፅ የምናወጣበት አሸንዳ ሳይቀር ቦታቸው ላይ ናቸው። የብረት ኳሶቹን ከላይ ለቀቅ ስታደርጊያቸው ያው እንደ ጥንቱ እየተንጓጉ ይወርዳሉ፤ ሕፃናት ይደነግጣሉ፣ እናቶቻቸው የባሰ ይደነግጣሉ።

እንዴት ይሄን ሁሉ አወቅሽ ትይኝ ይሆናል። ስፌቱን ትቼዋለሁ፣ ዓይኔ መርፌ አላይም ብሎኛል። ቴአትር ቤቱ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ለሕዝብ ማስጎብኘት ጀምሯል፤ የድሮውን ነገር የሚያውቅ ሰው ሲያፈላልጉ እኔን አገኙ። ይኸውልሽ እንግዲህ፣ ጭራሮ ብለሽ የምትጠሪያት እህትሽ አስጎብኚ ሆናለች። ሰማያዊ ኮት ሰጥተውኛል። ጠዋት አንድ ዙር፣ ከሰዓት አንድ ዙር ሰው አስከትዬ በተዋናዮች መግቢያ እገባለሁ። ከኋላ በር ሲገቡ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ማንም ሳይነግራቸው።

ሌላም የምነግርሽ ነበረኝ፤ ሌላ ጊዜ ይሁን፣ ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው። ልጆቹን ሳሚልኝ።

ታናሽሽ ጭራሮ


ጥቅምት 24

ለታናሼ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። በመሃል የላክሽልኝ ቁራጭ ወረቀት ደርሳኛለች። የመልበሻ ክፍሌ ግድግዳ ምን ቀለም ነበር ላልሽኝ፣ የገረጣ አረንጓዴ ነበር። መስታወቱ ከበሩ ፊት ለፊት ሳይሆን በስተግራ ነው። የሚገባው ሰው ፊቴን ሳያይ እኔ ፊቱን እንዳየው ብዬ አዙሬ ያሰቀልኩት እኔ ነኝ። በሩ ጀርባ የነበረው ምስማር የዣንጥላዬ ነው። ይኸው፣ ነገርኩሽ። አሳዪያቸው፣ ተርኪላቸው፣ ተጫወቺበት።

ልቤን ልንገርሽ? ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ እህል አልወረደልኝም። ጭራሮ ሰማያዊ ኮት ለብሳ፣ የኔን ክፍል በር ከፍታ «እዚህ ነበር የምትዋበው» እያለች ስታስጎበኝ በዓይኔ ይመጣል። ከሞትኩ በኋላ እንኳ ቢሆን ደግ ነበር። በቁሜ እኮ ነው! አንቺ ልብስ ሰፊ ነበርሽ። እሺ፣ ተጠባባቂም ነበርሽ። ተጠባባቂ ማለት ዋናዋ ብትታመም የምትገባ ናት፤ እኔ ደግሞ አልታመምኩም። ትኩሳት ይዞኝ ገብቻለሁ። ጥርሴን ተነቅዬ፣ ጉንጬ አብጦ ገብቻለሁ። ልጄን ወልጄ ሳልጠና፣ ጡቴ ጡት መያዣዬን እያራሰው ገብቻለሁ። በዚያ ቴአትር ውስጥ ባልቴቷን ከኔ ሌላ ሰው ሆኖ ሲሠራት ያየ ተመልካች የለም። ይሄንንም ንገሪያቸው፤ ወይስ ይሄ ከጉብኝቱ ውጪ ነው?

እዚህ ያለውን ኑሮዬን ታውቂዋለሽ። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ተሰቅዬ የመኪና ማቆሚያ አያለሁ። ምራቴ ጨዋ ልጅ ናት፤ ግን በቀን ሦስቴ «እማማ፣ ድምፅዎን ትንሽ ቀነስ» ትለኛለች። ሰገነቱ ጫፍ ላይ ያለው ደንቆሮ ሽማግሌ ሳይቀር እንዲሰማ ያሰለጠንኩትን ድምፅ ጨው አቀብሉኝ ለማለት አባክነዋለሁ። ልጆቹ አያታቸው ምን እንደነበረች አያውቁም። አንዴ ልነግራቸው ስጀምር ትልቁ «ቴሌቪዥን ላይ ነው?» አለኝ። አይ ስለው ሄደ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትሸሺኝ። አዳራሹ የሚመረቀው መቼ ነው? በምረቃው ምን ይታያል? ማን ተጠርቷል?

እህትሽ


ኅዳር 8

እትዬ፣

ሰላም ነሽ? ሰላምታዬ ይሄው ነው፤ አንቺም ባለፈው ሳምንት በላክሽልኝ አጭር ደብዳቤ ሰላምታ አላባከንሽብኝም። «ሌባ» ከሚለው ቃል ስር ሁለት መስመር አስምረሽበታል። አንዱ ይበቃኝ ነበር።

ልትጎበኝ መጥታ የነበረችው የምራትሽ አክስት «ባልቴቷ መስላቸው አጨበጨቡላት» ብላ የነገረችሽ ውሸት አይደለም። ግን እንዴት እንደሆነ ከኔም ስሚ። መልበሻ ክፍልሽ ውስጥ ቆመን ስለ ባልቴቷ እየነገርኳቸው ነበር። ቤቷን አልሸጥም ብላ ከልጆቿ ጋር የተጣላችው፣ መጨረሻ ላይ ግን ቁልፉን ትታ የምትወጣው ሴት ብዬ ነገርኳቸው። ከወንበሯ እንዴት እንደምትነሳ ላሳያቸው ብዬ ተቀምጬ ተነሳሁ። መነሳት ብቻ ነው። አንዲት ሴትዮ እጇን አፏ ላይ ጭና «ውይ! እርስዎ ኖት እንዴ?» አለች። ከዚያ አጨበጨቡ። እትዬ፣ እስከዚያች ቀን ድረስ ሰው አጨብጭቦልኝ አያውቅም። ጭብጨባው ይለቅና እናገራለሁ ብዬ ጠበቅሁ። ሲያልቅ ደግሞ ግማሾቹ ደረጃው ላይ ነበሩ። ዋሸሁ የምትይው ይሄንን ነው። አልዋሸሁም፤ ዝም አልኩ።

ስለ ሌብነት ካነሳሽ አይቀር አንድ ነገር ልጨምርልሽ። መግቢያው ላይ በመስታወት ሳጥን ውስጥ የባልቴቷን ጥቁር ቀሚስ አቁመውታል። ከስሩ ያንቺ ስም በትልቁ ተጽፏል። ያኔ ሁለት ቀሚስ እንደሰፋሁ ታስታውሻለሽ፣ አንዱን ለዋናዋ፣ አንዱን ለተጠባባቂዋ፤ ደንቡ ነበር። ያንቺ ብብቱ በላብ ተበልቷል፣ ጫፉም አልቋል፣ ለሰው ዓይን አይሆንም አሉ። ስለዚህ መስታወቱ ውስጥ ያለው የኔው ነው። አንድም ቀን መድረክ ላይ ስላልወጣ ዛሬም አዲስ ይመስላል። የኔን ቀሚስ ካንቺ ስም ጋር በቀን ሁለቴ አስጎበኛለሁ፣ ትንፍሽም አላልኩ። ማን ማንን እንደሰረቀ አንቺው ፍረጂ።

ስለ ምረቃው ደጋግመሽ ትጠይቂኛለሽ። ምን ያጣድፍሻል? ቀለሙ ገና አልደረቀም። ቀን ሲቆርጡ አሳውቅሻለሁ።

ጭራሮ


ኅዳር 20

ጭራሮ፣

ቀለሙ ደርቋል። ቴአትር ቤቱ ደውዬ ጠይቄያለሁ።

ስልኩን ያነሳው ኃላፊው ራሱ ነው፣ ትሁት ልጅ። ስሜን ስነግረው በደስታ ጮኸ፤ ከዚያ ድምፁን አሳዝኖ «እማማ፣ ጉልበትዎ ተሻለዎት?» አለኝ። የምን ጉልበት? ሊፍቱ ሲበላሽ ዘጠኝ ፎቅ በእግሬ የምወጣ ሴት ነኝ። ቀስ ብዬ ሳወጣጣው ሁሉንም ነገረኝ። ምረቃው ጥር ላይ መሆኑን። በዚያ ቀን የባልቴቷ የመጨረሻ ንግግር በድሮዋ ተዋናይት አንደበት እንዲሰማ መፈለጋቸውን። በመስከረም ላንቺ «ለእህትዎ ይንገሩልን» ማለቱን። አንቺም አንገትሽን ደፍተሽ፣ «እህቴን ጉልበቷን ያማታል፣ መንገድ አትችልም» ማለትሽን። እና እነሱም፣ ምን ያድርጉ፣ ንግግሩን ላንቺ መስጠታቸውን።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ለካ ፖስታ ቤቱ የሚዘጋብሽ ወዶ አይደለም።

እመጣለሁ። ለኃላፊውም ነግሬዋለሁ። ግራ ገባው፤ «እንግዲህ እህትማማቾች ናችሁ፣ ማን እንደሚናገር ተነጋግራችሁ ንገሩኝ» አለ። ይኸው ተነጋገርን። የምናገረው እኔ ነኝ። አውቶቡስ መናኸሪያ መጥተሽ እንዳትቀበይኝ።


ታኅሣሥ 2

እትዬ፣

መጀመሪያ ይቅርታ። ይቅርታ የምጠይቅሽ ጉልበትሽን ስላሳመምኩት ነው። ሌላ ውሸት በቶሎ አልመጣልኝም፤ በኛ ዕድሜ ጉልበት ካሉ ሰው ሁሉ ያምናል። ስለ መድረኩ ግን ይቅርታ አልጠይቅሽም።

አልለቅልሽም። ከተወለድኩ ጀምሮ እምቢ ስልሽ የመጀመሪያዬ ነው፤ ግን አልለቅልሽም።

ለምን ብለሽ ብትጠይቂኝ ልንገርሽ። ባልቴቷ በታየች ቁጥር ያንን ጥቁር ቀሚስ ለብሼ፣ ፀጉሬን ዱቄት ነስንሼ፣ በስተቀኝ ካለው መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ነበር። ደንቡ እንዲያ ነው፤ ተጠባባቂ ለብሳ ነው የምትጠብቀው። አንቺ የምትናገሪውን ቃል በቃል ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ድምፅ ሳላወጣ እናገረው ነበር። አንቺ እጅሽን ስታነሺ እኔም አነሳለሁ። ገመድ ሳቢዎቹ ይስቁብኝ ነበር። ከዚያ ቤቴ ገብቼ እጸልያለሁ። ምን ብዬ መሰለሽ? «አምላኬ ሆይ፣ እህቴን ጉንፋን አሲዝልኝ። ትንሽ ጉንፋን፣ ድምፅ ብቻ የሚዘጋ፣ የማይጎዳ፣ ለአንድ ቀን።» አንቺ ግን እንደ ብረት ነበርሽ። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይላሉ፤ የኔን አላነቀዘውም መሰለኝ፣ ይኸው አለሁ።

አሁን ደግሞ የሆንኩትን ታውቂያለሽ። ባሌን ቀብሬያለሁ። ልጆቼ «ብቻሽን ምን ያደርግልሻል» ስላሉኝ ቤቱን ሸጠነዋል። ቁልፉን ለገዢው ሰጥቼ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ልትመጪ አልቻልሽም ነበር፣ አልወቅስሽም። ያንን በር ስዘጋ በአፌ የመጣው የባልቴቷ ቃል ነው። ላንድም ሰው ሳልናገረው ዋጥኩት። እትዬ፣ አንድ ጊዜ ከፍ አድርጌ ልበለውና ልሙት። አንቺ ብዙ ጊዜ ብለሽዋል።

ነይ፣ እቀበልሻለሁ፣ አስተኛሻለሁ፣ እግርሽን አጥባለሁ። መድረኩን ግን አልሰጥሽም።

ጭራሮ


ታኅሣሥ 21

ለጭራሮ፣

ከተማው ውስጥ ነኝ። ከድሮዋ ቲኬት ሻጫችን ቤት ነው ያረፍኩት፤ እንዳትነግርሽ አስምያታለሁ። እዚሁ ሆኖ ደብዳቤ መጻፍ እብደት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ፊት ለፊት ከተገናኘን እጮሃለሁ፣ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል። «መጥተሻል ወይ?» ብለሽ በልጄ በኩል ላስጠየቅሽኝ መልሱ ይኸው ነው፣ መጥቻለሁ። ባለፈው ሐሙስም በሰማያዊ ኮትሽ ከሰዓት በኋላ ካስጎበኘሻቸው ሰዎች መሃል ነበርኩ።

አላወቅሽኝም። የቲኬት ሻጯን ጥቁር መነፅር አድርጌ፣ ሻሼን እስከ ቅንድቤ አውርጄ፣ ከአንድ ወፍራም ሰውዬ ጀርባ ተደብቄ ነበር። ላጠምድሽ ነው የመጣሁት፣ አልዋሽሽም። እጅ ከፍንጅ ልይዝሽ፣ «እኔ ነኝ ባልቴቷ» ስትዪ መነፅሬን አውልቄ ልጮህብሽ።

በተዋናዮች መግቢያ አስገባሽን። የደረጃው መደገፊያ እንደ ድሮው እጅ ላይ ይቀዘቅዛል። ገመዶቹ ጋ አቆምሽንና እዚህ ለምን እንደማይፏጭ ነገርሻቸው፤ በጥንቱ ጊዜ ገመድ ሳቢዎቹ በፉጨት ስለሚግባቡ ያለ ነገሩ ያፏጨ ሰው ጣራ የሚያህል ሸራ ራሱ ላይ ያወርዳል አልሽ። ሳቁልሽ። ቀናሁ። ከመድረኩ ስር አወረድሽን፤ የሚከፈተውን የወለል ክዳን ከታች ሆነሽ ገፋ ስታደርጊው ብርሃን ጉድጓዱ ውስጥ ገባ፣ ሁሉም «ኦ!» አሉ። ቀናሁ። የነጎድጓዱን ኳስ አንዲት ትንሽ ልጅ እንድትለቀው ፈቀድሽላት። እኔን አንድ ቀን እንኳ አላስነኩኝም ነበር፤ በዚያም ቀናሁ። መልበሻ ክፍሌ ጋ ደረስን። ግድግዳው የገረጣ አረንጓዴ ነው። መስታወቱም በስተግራ ነው። ፊቴን በመስታወቱ አየሁት፣ ከወፍራሙ ሰውዬ ትከሻ በላይ፣ መነፅር ያደረገች አሮጊት።

አንዱ ጎረምሳ «ዋናዋ ተዋናይት የት ናት አሁን?» ብሎ ጠየቀሽ። ጆሮዬን ቀጥ አደረግሁ። አንቺም «እህቴ ናት። ሩቅ ናት። ከሷ የተሻለ ማንም አልሠራውም» አልሽ። ሌላ ምንም አልጨመርሽም። ሞኝ! ክፉ ብትናገሪ በቀለለኝ። መነፅሬን የማወልቅበት ምክንያት አሳጣሽኝ፣ የባሰ ተቃጠልኩ።

ከዚያ መድረኩ ላይ አወጣሽን። አዳራሹን ባየሁት ጊዜ ስለሆነብኝ ነገር አልጽፍልሽም። ሰዎቹን በግማሽ ክብ አቁመሽ፣ ኮትሽን ሳታወልቂ፣ የጉብኝቱ መጨረሻ ነው ብለሽ ንግግሩን ጀመርሽ። «በሩን እኔ እዘጋዋለሁ። ልጆቼ ሁሉ የወጡበት በር ነው፤ የመጨረሻዋ ወጪ እኔ ነኝ።»

እኔ ያንን ቃል ስናገረው ሰገነቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሴቶች ያለቅሱ ነበር፣ አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ራሱን ስቷል። አንቺ አልጮህሽም። ቁልፉን የት እንዳስቀመጥሽው የጠፋብሽ ያህል ቀስ ብለሽ አልሽው። «እኔ እዘጋዋለሁ» ስትዪ እጅሽ ለበሩ እጀታ ተዘረጋ፣ እዚያ ግን በር የለም፤ ባዶውን አየር ጨብጠሽ ትንሽ ቆየሽ። ወፍራሙ ሰውዬ አፍንጫውን ይስብ ጀመር። እኔ ባልቴቷን ስሠራት ወጣት ነበርኩ፣ ፀጉሬን ዱቄት ነስንሼ ነው የሸበትኩት። አንቺ በራስሽ ሽበት ነው የቆምሽው። ወይ ነዶ! ይሄንን ከየት አመጣሽው? ከኔ አይደለም። ከኔ ቢሆን ኖሮ አውቀው ነበር።

ትናንት ኃላፊው ቢሮ ሄጄ «ከእህቴ በኋላ መድረክ አልወጣም» አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ብድግ ብሎ እጄን ሳመኝ፤ ትልቅ ክብር ለታናሽ እህት አለ። ደስ ይበለው ብዬ ዝም አልኩ። አንቺ ግን ለፍቅር ያደረግሁት እንዳይመስልሽ። ሰው አጠገብሽ አቁሞ እንዳያነጻጽረኝ ፈርቼ ነው። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ከምጥል፣ ስሜ በቀሚስሽ ስር እንደተጻፈ ይቅርልኝ።

ለምረቃው ቀን ወንበር ተሰጥቶኛል። ከዚያ በፊት ግን አትፈልጊኝ፤ ያው ፊትሽን አይቼ ልጣላሽ እችላለሁ።

እህትሽ


ጥር 14

ጭራሮ፣

በሰላም ገብቻለሁ። «ምነው ሳትሰናበቺኝ? ደግሞስ ምነው ዝም አልሽ?» ብለሽ የጻፍሽልኝ ወረቀት ከኔ ጥቂት ቀን ዘግይቶ ደርሶ ምራቴ ትራሴ ላይ አስቀመጠችው። ለዝምታዬ የሚሆን ሰበብ መንገዱን ሁሉ ሳሰናዳ መጣሁ። አንደኛው ሰበቤ አውቶቡሱ አስቸኮለኝ የሚል ነበር። ሁለተኛው ሰው ከቦሽ ነበር የሚል ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ሁለቱም ግን አይደሉም።

አምስተኛው ረድፍ መሃል ላይ ነበርኩ። ቲኬት ሻጯ አጠገቤ ነበረች። ቀሚሱን ከመስታወቱ አውጥተው አልብሰውሽ ስትወጪ «ልክዋ ነው» አለችኝ በጆሮዬ፣ ያንቺ ልክ ማለቷ ነው። ምን ሆኖ ልክዋ አይሆንም፣ ለራሷ የሰፋችው ነው አልኳት።

ከንግግሩ ምንም አላስቀረሽም፣ ምንም አልጨመርሽም። እንድትሳሳቺ ጠብቄ ነበር። አዎ፣ አንድ ቃል ይጥፋት፣ አንድ ቃል ብቻ ይጥፋትና ከወንበሬ ሆኜ ላቀብላት፣ አዳራሹ ሁሉ ዞር ብሎ ይየኝ ብዬ ተመኝቻለሁ። እህቴ ከማለት በፊት ይሄንን ነው ያልኩት። አልጠፋሽም።

ሲያልቅ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ኃላፊው፣ ሚኒስትር ይሁን ምን እንደሆነ የማላውቀው ባለ ከረቫት ሰውዬ፣ ቲኬት ሻጯ በዚያ ወገቧ። እኔ አልተነሳሁም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። እጄን «አጨብጭብ» አልኩት፣ አልሰማኝም። ፊት ለፊቴ የሰው ጀርባ ብቻ ነበር፤ ኮት፣ ቀበቶ፣ የቀሚስ ዚፕ። ከዚያ ወዲያ አንቺ ነበርሽ፣ እኔ ግን አልታየሽኝም፣ ጭብጨባው ብቻ ይሰማኛል። የኔ የነበረው ጭብጨባ ነው። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ከሰገነቱ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል።

ቀንቼብሻለሁ። ይሄንን ቃል ከዚህ በፊት ጽፌልሽ ይሆናል፣ በቀልድ። አሁን በቀልድ አይደለም። የእናቴ ልጅ ነሽ፣ አዝዬ ያሳደግሁሽ ነሽ፣ አንድ ጊዜ ብድግ ማለት አቃተኝ። በምን ፊቴ ቆሜ ልሰናበትሽ? ስለዚህ በጎን በር ወጣሁ።

ልጆቹ ሰላም ብለውሻል። ይቅር በይኝ ልል ብዕሬን ስንት ጊዜ አነሳሁ፣ አልመጣልኝም። ሲመጣልኝ እጽፍልሻለሁ።


ጥር 25

እትዬዋ፣

ደብዳቤሽን ከሰዓት በኋላ ካለው ዙር በፊት የተዋናዮች መግቢያ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ሰዎቹ ሲመጡ ዓይኔ ቀልቶ አገኙኝ። «ጉንፋን ነው» አልኳቸው።

ያላየሁሽ መስሎሻል። መብራት ዓይንሽ ላይ ሲወድቅ ከአዳራሹ ምንም አይታይሽም ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ግን ጊዜው ተለውጧል፤ አሁን ሰው ማጨብጨብ ሲጀምር የአዳራሹን መብራት ያበሩታል። ሁሉንም አየሁት። ከጥግ እስከ ጥግ ሰው ቆሟል፤ አምስተኛው ረድፍ መሃል ላይ አንድ ሰው የሚያህል ክፍት ቦታ አለ። አንገቴን ሳዘነብል እዚያ ውስጥ አንቺን አገኘሁሽ። እጅሽ ጭንሽ ላይ ነበር።

እና ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ? ልታፍሪብኝ ትችያለሽ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያ ሁሉ ጭብጨባ፣ ያ ሁሉ «ብራቮ»፣ ኃላፊው ያመጣልኝ አበባ፣ ሁሉም ተደምሮ የዚያን ያህል አላስደሰተኝም። እትዬ ቀናችብኝ አልኩ በልቤ። አጎንብሼ እጅ ስነሳም ላንቺ ነው የነሳሁት፤ ሌላው ሰው ለሱ መስሎት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ መድረክ የፈለግሁ መስሎኝ ነበር። ለካ የፈለግሁት አንቺ አንድ ቀን ቁጭ ብለሽ እጅሽ እምቢ እንዲልሽ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ ያለች እህት ነኝ።

ይቅር በይኝ ማለት አልመጣልኝም ብለሻል። አትድከሚ፣ ተይው። እኔም የምነግርሽ አለኝ። አንቺ ወደ ሕዝቡ አጎንብሰሽ በቆምሽባቸው ቀናት ሁሉ እኔ ከበስተቀኝ መጋረጃ ጀርባ ነበርኩ። ገመድ ሳቢዎቹ ያጨበጭቡልሽ ነበር፣ መብራት አብሪው ያጨበጭብልሽ ነበር። እኔ እጄን ከጀርባዬ አጣምሬ እቆም ነበር። አንድም ቀን አላጨበጨብኩልሽም። ጀርባሽን ስለሰጠሽኝ አላየሽም።

እንግዲህ ተካካስን ልልሽ አሰብኩና ተውኩት፤ አልተካካስንም። አንቺ የተቀመጥሽው አንድ ቀን ነው።

ስለዚህ ነይ። ኃላፊው የባልቴቷ ንግግር እስከ ሰኔ ድረስ በየሳምንቱ መጨረሻ ይታይ ብሏል። አምስተኛው ረድፍ መሃል ላይ ያለውን ወንበር አስይዤልሻለሁ፤ ለሌላ ሰው እንዳይሸጡት ከቲኬት ክፍሉ ሰዎች ጋር ተጣልቼበታለሁ። እንድትነሺ አልጠይቅሽም፣ እንድታጨበጭቢም አልጠይቅሽም። ብትፈልጊ እስከ ሰኔ እየቀናሽ ተቀመጪ፤ ብቻ ነይ።

ታናሽሽ